ዕድገቱ ለማን ነው?



ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከተማችን ሰፍታለች። ዕድገት ነው፤ አንክድም። ዳሩ ግን ሰፈራችን ተከራይቶ የሚማር አንድ ተማሪ በስብሰባችን ላይ፣ «ቡና ሲቀላ ከክፍል የሚጠፋው የለቃሚ ልጅ እንጂ የነጋዴ ልጅ አይደለም» አለን። እውነቱን ነው። ቡናው ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፤ የለቀመው ልጅ ግን ዩኒቨርሲቲውን በአጥር እያየ ይቀራል። ታዲያ ዕድገቱ ምኑ ላይ ነው?

በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሳው ሳይቀር በኩራዝ ፊደል ቆጥሯል። ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍነው እኛም የቀረብንን እናውቀዋለን።

ስለዚህ ቡና ያለን ሁሉ በትምህርት ቀን ልጅ አንቅጠር። ለተቸገረ ቤት የደብተር መግዣ ከማኅበሩ ሣጥን ይውጣ። ልጅ ከክፍል ቀርቶ የሚሞላው ጆንያ ለሰፈራችን ባዶ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ