ጆሮ ይፍረድ

አንድ ዘፈን መልካም ነው ወይም መጥፎ ነው ብሎ ለመፍረድ ከሁሉ አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል። «ይህን የማያውቅ ማን አለ?» የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በየቀኑ እንደማየው አብዛኞቻችን የምንፈርደው ጆሮአችን በሰማው ሳይሆን ሌላ ሰው በነገረን ነው። ዘፈኑ መቼ ወጣ? ዘፋኙ ማን ነው? አዲስ ነው ወይስ የዱሮ? ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱን ያገኘን እንደ ሆነ ዘፈኑ ሳያልቅ ፍርዱን እንጨርሳለን። ይህ ልማድ አድማጩን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም የሚጎዳ መሆኑን ለማስረዳት፥ በዚህ ዓመት ከጓደኞቼ ጋራ ስለ ሰማነውና ብዙ ስለ ተከራከርንበት ስለ አንድ የእንግሊዝ አልበም ለመጻፍ ተነሣሥቻለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ሙዚቃው ዓይነት ጥቂት ልበል። በ1966 እና በ1967 በእንግሊዝና በአሜሪካ ሳይኬደሊክ ሮክ የተባለ የሙዚቃ ስልት ተስፋፋ። ቢትልስ በ1966 «ሪቮልቨር»፥ በ1967 ደግሞ «ሳርጀንት ፔፐር» በሚል ስም የሚታወቀውን አልበም አወጡ፤ ፒንክ ፍሎይድም በዚያው በ1967 የመጀመሪያ አልበማቸውን አቀረቡ። የዚህ ስልት ልዩ ምልክት ስቱዲዮው ራሱ እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ማገልገሉ ነው። ድምፅ የተቀዳበትን ክር ወደ ኋላ አዙሮ ማጫወት፥ የክሩን ፍጥነት መጨመርና መቀነስ፥ ሜሎትሮን በሚባለው መሣሪያ በክር ላይ ተቀድቶ የተቀመጠውን የዋሽንትና የቫዮሊን ድምፅ እንደ ፒያኖ ቍልፍ እየነኩ ማውጣት፥ የህንድን ሲታር ከጊታር ጋራ ማዋሐድ የዘመኑ ብልኀት ነበር። ሰሚው በሕልም ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሌላ ስልት መጣና ያኛው ያለፈበት ተባለ።

ስዊንደን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የተነሡት የኤክስ ቲ ሲ ባንድ አባሎች በዚያን ጊዜ እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ። ከዘፈን ደራሲዎቹ አንዱ የሆነው አንዲ ፓርትሪጅ የተወለደው በ1953 ስለ ሆነ፥ «ሳርጀንት ፔፐር» ሲወጣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። እነዚህ ልጆች ካደጉ በኋላ በራሳቸው ስልት ዘፈን እየደረሱ ስም አገኙ፤ በ1979 ያወጡት «ሜኪንግ ፕላንስ ፎር ናይጅል» የተባለው ዘፈናቸው በአገራቸው በሰፊው ታወቀላቸው። በ1982 ከመድረክ ወደ መድረክ መዞሩን ትተው በስቱዲዮ ሥራ ተወሰኑ። በ1984 ብዙ የደከሙበትን «ዘ ቢግ ኤክስፕረስ» የተባለ አልበም አወጡ፤ ገበያው ግን ቀዘቀዘባቸው።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በልጅነታቸው ያፈቀሩትን ድምፅ ራሳቸው ሊሠሩት ተነሡ። ጆን ሌኪ ከተባለው ፕሮዲውሰር ጋራ ሄርፎርድ በሚገኝ አንድ ስቱዲዮ ገብተው፥ በ5000 ፓውንድ ገንዘብና በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ስድስት ዘፈኖች ቀዱ። ለራሳቸውም ሦስት ሕግ አወጡ። አንደኛ፥ ዘፈኖቹ ሁሉ በ1967 እና በ1968 የነበረውን ስልት እንዲከተሉ፤ ሁለተኛ፥ አንዱን ነገር ከሁለት ጊዜ በላይ ደጋግመው እንዳይቀዱ፤ ሦስተኛ፥ በተቻለ መጠን የዚያን ዘመን አሮጌ መሣሪያ እንዲጠቀሙ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ስማቸውን መደበቃቸው ነው። ባንዱን «ዘ ዱክስ ኦቭ ስትራቶስፊር» ብለው ሰየሙት፤ የላይኛው አየር መሳፍንት እንደ ማለት ነው። ፓርትሪጅ «ሰር ጆን ጆንስ»፥ ኮሊን ሞልዲንግ «ቀይ መጋረጃ»፥ ዴቭ ግሬጎሪ «ሎርድ ኮርኔሊየስ ፕለም» ተባሉ፤ ከበሮ የመታው የዴቭ ወንድም ኢያንም የራሱ የቀልድ ስም ነበረው። አልበሙ «25 ኦክሎክ» ተባለ፤ በቀን ውስጥ የሌለ ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል። ለገበያ የቀረበውም ኤፕሪል 1 ቀን 1985፥ ሰው ሁሉ በሚቀላለድበት ዕለት ነው። ታዲያ ቀልዱ በማን ላይ ሆነ? ስሙ ያልታወቀው ባንድ ያወጣው ሸክላ በእንግሊዝ አገር «ዘ ቢግ ኤክስፕረስ» ከተሸጠው እጥፍ ተሸጠ። እነዚያው ሰዎች በእውነተኛ ስማቸው ያቀረቡትን ትቶ ያለፈ አድማጭ፥ ጭምብል አጥልቀው ሲመጡ እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ አድማጮች አስተያየት ልለፍ። አልበሙን በአንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን በሰማን ጊዜ አስተያየታችን በብዙ ወገን ተከፈለ። የየወገኑን አሳብ አቅርቤ የበኩሌን መልስ እሰጣለሁ።

የመጀመሪያው ወገን «ይህ የአያቶች ሙዚቃ ነው፤ እኛን ምን ያደርግልናል?» አለ። ለዚህ ወገን የምመልሰው አጭር ነው። ለእኛ 1967ም ሆነ 1985 ከመወለዳችን በፊት ያለፉ ዓመታት ናቸው፤ ሁለቱም ያልደረስንባቸው ስለ ሆኑ አንዱን አሮጌ ሌላውን አዲስ የምንልበት ምክንያት የለንም። ደግሞስ የሚሻግተው እንጀራ እንጂ ዘፈን አይደለም። ያልሰሙት ዘፈን ሁሉ ለሰሚው አዲስ ነው።

ሁለተኛው ወገን በጣም አመሰገነ። በተለይ አንዱ ጓደኛችን አልበሙ በ1967 የተሠራ መስሎት፥ «የዚያን ዘመን ሰዎች የሚያህል ዛሬ ከየት ይገኛል!» እያለ ሲያደንቅ ቈየ። በ1985 የተሠራ መሆኑን በነገርነው ጊዜ ግን ፊቱ ቀዝቀዝ አለና «እኔም እኮ አንድ ነገር እንደ ጐደለው ጠርጥሬ ነበር» አለ። እስቲ አስቡት፤ በሁለቱ ንግግሮች መካከል ከዘፈኑ አንዲት ድምፅ እንኳ አልተለወጠችም። የተለወጠው ዓመቱ ብቻ ነው። ይህ ወዳጃችን ያመሰገነው ቀን መቍጠሪያውን ነበር እንጂ ዘፈኑን አልነበረም ለማለት ያስደፍራል። ዱሮ የተሠራውን ሁሉ የሚያመልክና ዱሮ የተሠራውን ሁሉ የሚንቅ ሰው በመልክ ይለያዩ እንደ ሆነ እንጂ በሥራ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሳይሰሙ ይፈርዳሉና።

ሦስተኛው ከአንድ የጓደኛችን አባት የመጣ ነው። እኒህ አባት ከበራፉ ቆመው ጥቂት ከሰሙ በኋላ «ልጆቼ፥ ይህ የዕፅ ተጠቃሚዎች ሙዚቃ አይደለምን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለ ሆነ በቀልድ ልናልፈው አይገባም። ሳይኬደሊክ የሚለው ስም በ1960ዎቹ ዓመታት ኤል ኤስ ዲ ከሚባለው ዕፅ ጋራ የተያያዘ መሆኑ እውነት ነው። የፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያ ዘፋኝ ሲድ ባሬት አእምሮው ታውኮ በ1968 ከባንዱ መለየቱን ብዙ ሰዎች ከዚሁ ዕፅ ጋራ ያያይዙታል። ይህን የመሰለ ባለ ተሰጥዎ በወጣትነቱ መቅረቱ ለወጣት ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ነገር ግን ድምፁን መውደድ ዕፁን መውደድ አይደለም። ክርን ወደ ኋላ አዙሮ ከከበሮው ምት ጋራ ማገጣጠም ልኩን እየለኩ፥ ቤቱን እየቈጠሩ የሚሠሩት የትዕግሥት ሥራ ነው። የአልበሙ ሠሪዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ በጥቂት ገንዘብ ስድስት ዘፈን አጠናቀው መውጣታቸው የሥርዓት ፍሬ እንጂ የስካር ፍሬ ሊሆን አይችልም ብዬ አምናለሁ።

አራተኛው ወገን ከሁሉ የጠነከረውን ነቀፌታ አቀረበ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ይህ የራሱ የሆነ ነገር የሌለው ኮፒ ነው» አለ። ከዚህ አሳብ ግማሹን እኔም እቀበላለሁ። ለምሳሌ የአልበሙ መጨረሻ የሆነው «ዘ ሞል ፍሮም ዘ ሚኒስትሪ» በብዙ ጥበብ የተሠራ ቢሆንም፥ ቢትልስ በ1967 ካወጡት «አይ አም ዘ ዋልረስ» ከተባለው ዘፈን ጥላ ሥር መውጣት አልቻለም። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው የኋለኛውን ትቶ የፊተኛውን ማስታወሱ አይቀርም። መምሰል ብቻውን ግብ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው በዚሁ ይቀራል።

ነገር ግን መምሰል መንገድም ሊሆን ይችላል። በአገራችን የዜማ ቤት ተማሪ መምህሩ ያዜመውን በዚያው ድምፅ፥ በዚያው ልክ ደጋግሞ ያዜማል፤ ይህን በማድረጉ ማንም ሌባ አይለውም። የቀደመውን ጠንቅቆ ሳያውቅ የራሱን የሚጨምር የለምና ነው። የዱክስም ታሪክ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። በ1987 «ሶኒክ ሰንስፖት» የተባለ ሁለተኛ አልበም አወጡ። በዚህ ውስጥ ያለው «ፔል ኤንድ ፕሬሸስ» የተባለው ዘፈን የአሜሪካኖቹን የቢች ቦይስን የኅብረት አዘፋፈን የተከተለ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ይሁን እንጂ ዜማው ራሱን ችሎ የሚቆም ስለ ሆነ ቢች ቦይስን ከቶ ሰምቶ የማያውቅ ጓደኛችን እንኳ ደግሞ እንዲሰማው ለምኖናል። ከዚህም በላይ እነዚሁ ሰዎች በ1989 በእውነተኛ ስማቸው ያወጡት «ኦሬንጅስ ኤንድ ሌመንስ» የተባለው አልበም የ1960ዎቹን ቀለም ያለ ጭምብል ለብሶ ይሰማል። በቀልድ የጀመሩት ልምምድ የራሳቸው ገንዘብ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ አሳብ ራሴ ላቅርብ። የሸክላው በብዛት መሸጥ አድማጭ በጆሮው የፈረደ መሆኑን አያሳይምን? ስም ሳያውቅ ወድዶ ገዝቷልና። በከፊል ያሳያል፤ ዘፈኖቹ ደስ የሚያሰኙ ባይሆኑ ኖሮ ስሙ ባልታወቀ ባንድ ላይ ገንዘቡን የሚያወጣ አይገኝም ነበር። ነገር ግን ሰው የለመደውን ድምፅ ሲሰማ ቶሎ ልቡ ይከፈታል፤ ያልለመደው ሲመጣበት ግን ትዕግሥት ያጥረዋል። «ዘ ቢግ ኤክስፕረስ» ጆሮ ያልለመደው ነገር ነበረበት፤ ስለዚህ ገዢው ሳይታገሠው አለፈ። ሠሪዎቹ አንድ ሲሆኑ የአድማጩ አቀባበል ሁለት ሆነ። ለእኔ የዚህ አልበም ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

ይህ ነገር ከእንግሊዝ አገር የሚመለስ እንዳይመስላችሁ፤ በእኛው ግቢ ውስጥ አለ። ከመካከላችን ክራርና ጊታር የሚለማመዱ፥ ዜማም የሚደርሱ ልጆች አሉ። የታወቀ ዘፈን ሲጫወቱ «ኮፒ!» ተብለው ይሳቅባቸዋል፤ የራሳቸውን ሲያሰሙ ደግሞ «ይህን ማን ያውቀዋል? የምናውቀውን ተጫወት» ይባላሉ። እንግዲህ በየት በኩል ይለፉ? ሁለቱንም በር ዘግተን «በትምህርት ቤታችን ጥበበኛ ጠፋ» ብለን ብናማርር ፍርዱ የሚመለሰው በእኛው ላይ ነው። ኤክስ ቲ ሲዎች ጭምብል አጥልቀው ለመመለስ የሚያስችል ዕውቀትና የሚደግፋቸው ኩባንያ ነበራቸው። የዐሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ግን አንድ ጊዜ ከተሣቀበት መሣሪያውን ሰቅሎ ይተወዋል።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። አንድ ሙዚቃ ሲቀርብልን በመጀመሪያ እስከ መጨረሻው እንስማው፤ ከዚያ በኋላ የወደድነውን ወይም የጠላነውን ቦታ ለይተን እንናገር፤ ዓመቱንና ስሙን ከዚያ ቀጥለን እንጠይቅ። «አሮጌ ነው»፥ «ኮፒ ነው»፥ «የዱሮ ስለ ሆነ ይበልጣል» የሚሉት ቃላት ከመስማት የሚያድኑ ሰበቦች እንጂ አስተያየት አይደሉም። መምህሮቻችንም ልጆች በመምሰል ሲጀምሩ እንዲታገሡአቸው፥ ወላጆቻችንም እንደ እኒያ አባት ከበራፉ ቆመው ጥቂት ሰምተው እንዲጠይቁን በትሕትና አሳስባለሁ። ጠይቆ የሚሰማ አባት፥ ሳይሰማ ከሚከለክልም ሳይሰማ ከሚፈቅድም ይሻላል።

«25 ኦክሎክ» የተባለውን አልበም በተመለከተ የእኔ ፍርድ ይኸውና፤ ታላቅ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ፍቅርና ዕውቀት ያለበት፥ ሰውን ፈገግ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ይህን ፍርዴን የማይቀበል ጓደኛ ቢኖር አልቀየምም። ይልቁንም ከየትኛው ዘፈን፥ በየትኛው ቦታ ላይ እንደማይስማማ ለይቶ ቢነግረኝ ደስታውን አልችለውም፤ ሰምቶ ነውና የሚከራከረኝ።