ማርሚታው ከመቀየሩ በፊት የዓባይ በረሃ ይታሰብ

ከደብረ ማርቆስ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚገባ የጭነት መኪና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የባለንብረቱን ትርፍና ኪሳራ የሚለየው ግን በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ነው። መኪናው እንደተጫነ ከደጀን አፋፍ ወደ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ወዲያውም ያንኑ ያህል ዳገት ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በመሆኑም "ጉልበት ይጨምራል" ተብሎ የተርቦ መኪናን ማርሚታና የጭስ ማውጫ በሰፊ ቱቦ ማስለወጥ እንደ ተራ የብየዳ ሥራ ሊታይ አይገባውም።

ሐሳቡ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ተርቦ የሚሽከረከረው ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል ነው። ከተርቦው በስተጀርባ ያለው መንገድ ሲሰፋ ጭሱ ሳይታፈን ይወጣል፤ ተርቦው ቶሎ ይነሳል፤ ለሞተሩም አየር በብዛት ይገፋል። ጥያቄው ግፊቱን ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ነው።

ለዚህ የተሠራው ዌስትጌት የሚባለው ትርፍ ጭስ ማስተንፈሻ በር ነው። ግፊቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ በሩ ተከፍቶ ከፊሉ ጭስ ተርቦውን ሳይነካ ያልፋል። ሰፊ ቱቦ ሲገጠም ግን ትንሹ በር ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ትርፉን ጭስ ማሳለፍ ሊያቅተው ይችላል። ያን ጊዜ የሞተሩ ዙር በጨመረ ቁጥር ግፊቱም ከልኩ በላይ እየወጣ ይሄዳል። ዌስትጌት በሌላቸው ተርቦዎች ላይ ደግሞ ፍጥነቱን የሚገታ በር ጭራሽ የለም።

ይህ ጉድለት ባዶ መኪና ይዞ ከተማ ውስጥ በሚደረግ ሙከራ አይታይም። የሚታየው ሞተሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ለረዥም ጊዜ ሲለፋ፣ ማለትም በዳገቱ ላይ ነው። መዘዙም የተርቦው ዘንግ መበላት፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል፣ ሲብስም የፒስተን መጎዳት ነው። በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ከሆነ ራሱን ለማዳን ነዳጅ ይቀንስና መኪናው በዳገቱ መካከል አቅም ያጣል።

ከፍታው የሚጨምረው ጫና

ተርቦ ለስስ አየር መድኃኒት መሆኑ የቆየ እውቀት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 ተርቦ የተገጠመለትን የአውሮፕላን ሞተር የሞከረው 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ነበር። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ግድም ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ያህል ብቻ ነው። ጌጁ 1 ባር ሲያሳይ በባሕር ጠረፍ ተርቦው አየሩን 2 እጥፍ አመቀው ማለት ነው፤ በደብረ ማርቆስ ግን ከ2.3 እጥፍ በላይ ነው። ጌጁ ያው ሆኖ ሳለ የደጋው ተርቦ በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ ወደ አቅሙ ጣሪያ ቀድሞም ተጠግቷል። ስለዚህ ለጅቡቲ ወደብ ሜዳ የሚበቃ ለውጥ ለጎጃም ደጋ ላይበቃ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን የቁልቁለቱ ጉዳይ ነው። በብዙ የጭነት መኪናዎች የሞተር ፍሬን የሚሠራው በጭስ ማውጫው ላይ ባለ መዝጊያ ነው። ቱቦው ሲቀየር ይህ መዝጊያ ከተጣለ፣ በደጀን ቁልቁለት ሸክሙ በሙሉ በእግር ፍሬን ላይ ይወድቃል። የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ለዳገት ጉልበት ፍለጋ ሲባል ለቁልቁለት የተቀመጠን ዋስትና መንቀል ንግድ አይደለም።

ሂሳቡ ሲሰላ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ተርቦም ሆነ ጓርኒሲዮን ከዚህ ምንዛሪ አያመልጥም። በእጅ ያለውን ሞተር ማቆየት ከመቼውም ይልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ሆኗል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መስተካከል አለበት። በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያው፣ የኢንተርኩለሩ ቱቦዎችና የፖምፓው ሁኔታ ይመርመር፤ የጠፋው ጉልበት ከእነዚሁ ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ የግፊት ጌጅ ይገጠም፤ ከለውጡ በፊትም ሆነ በኋላ በጭነት፣ በዳገት ላይ ይነበብ። ጌጁ ከፋብሪካው ልክ ካለፈ ዌስትጌቱ ይስፋ ወይም ቱቦው ይጥበብ። የሞተር ፍሬኑ ግን በምንም ምክንያት አይነካ።

ደላሎችም ድርሻ አላቸው። "ማርሚታው ተሻሽሏል" የሚለው ቃል የዋጋ መጨመሪያ ሳይሆን የጥያቄ መነሻ መሆን ይገባዋል። ጌጅ ከሌለውና የፋብሪካው ዕቃ አብሮ ካልቀረበ ገዢው ዋጋ ቢቀንስ ተገቢ ነው። የንግድ ሕጉም የመድን ገቢው ስጋት ሲጨምር ለመድን ሰጪው እንዲገለጽ ያዛል። ይህን ያላደረገ ባለንብረት፣ የተበየደው ቱቦ ያስከተለውን ኪሳራ ለብቻው ሊሸከም እንደሚችል ከወዲሁ ይወቀው።