«ከሃዲው» ዘፋኝና 22ቱ ደቂቃ

  

ዛሬ የያዝኩት የልብ ስብራት ጉዳይ ነው። የፍቅረኛሞች ግን አይደለም፣ የባንድ ነው። አትሳቁ! ደብዳቤውን የላከልኝ የ20 ዓመት ወጣት ድራም ይመታል። ስሙንና ሰፈሩን ትቼ ነገሩን ላሳጥርላችሁ። አራት ጓደኛሞች ናቸው። በአንደኛው ቤተሰብ ግቢ ውስጥ፣ መኪና ገብቶበት በማያውቅ ጋራዥ ሁለት ዓመት ተለማምደዋል። የራሳቸው ዘጠኝ ዘፈን አላቸው። አብዛኛው የሚያስቅ ነው፤ ስለ ታክሲ ረዳት፣ ስለ ቤት አከራይ፣ ቴክስት ስለማትመልስ ልጅ... እና ዘፋኛቸው ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አለፈ። ከአዲስ አበባ ውጪ ተመደበ። አሁን የሚጠብቀው የጥሪ ቀን ብቻ ነው።

«ከዳን» ይላል ደብዳቤው። ሦስቱ ተማክረው ልጁን ማናገር አቁመዋል። ጥያቄው ደግሞ ይኸው፦ «ሐሳቡን እንዲቀይር በምን ላግባባው? ወይስ ካሁኑ ሌላ ዘፋኝ እንፈልግ?»

እንግዲህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልቆጣህ ነው። ልጁ ሰው አልገደለም፤ ፈተና ነው ያለፈው! ፈተና ማለፍ ምን ያህል እንደከበደ እያየህ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ቃል ከሦስታችሁ አንዳችሁ አፍ አልወጣም? ቁጣዬ ይህን ያህል ነው። አሁን አንድ ነገር ልንገርህ።

ከጥቂት ወራት በፊት ሙዚቃ የሚጭን ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ አንድ የቆየ አልበም ጭኖ ሰጠኝ። «ጩኸት ነው፣ ግን ትስቃለህ» አለኝ። ባንዱ ዲሰንደንትስ ይባላል፤ የካሊፎርኒያ ልጆች ናቸው፣ ማንሃተን ቢች ከምትባል የባህር ዳር ከተማ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የሚጫወቱት ፐንክ ነው፤ ማለትም ፈጣን፣ ጯሂ፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ የሚፈጭ። የነሱ ፐንክ ግን ዜማ አለው፣ ቀልድ አለው። ኋላ ፖፕ ፐንክ የተባለውን ነገር መንገድ ከጠረጉት መካከል ናቸው። ብሊንክ 182ን የሚያውቅ አንባቢ ካለ፣ እነዚያም ከነዚህ መማራቸውን አይደብቁም።

ቀልዳቸው ምን ዓይነት መሰላችሁ? በ1981 ባወጡት ትንሽ ሸክላ ላይ ምግብ ስለማዘዝ የሚናገር 11 ሰከንድ ገደማ የሚሆን ዘፈን አለ። አስራ አንድ ሰከንድ! የኛ ዘፋኝ ጉሮሮውን ጠርጎ አይጨርስም። ቡና ደግሞ ነፍሳቸው ነው፤ ያ ሁሉ ፍጥነት ከቡናው ነው ይባላል። ቡናው የኛ፣ ጩኸቱ የነሱ!

ወደ ዋናው ልመለስ። በ1982 የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸውን ሊሠሩ ሲሉ ዘፋኙ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሆነ። መነጽር የሚያደርግ፣ ባዮሎጂ የሚወድ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ስሙ ማይሎ ይባላል፤ ስሙን የማነሳው አልበሙ ራሱ ስላነሳው ነው። ሦስቱ ጓደኞቹ ምን ያደረጉ ይመስልሃል? አኮረፉ? ከሃዲ አሉት?

አልበሙን «ማይሎ ኮሌጅ ገባ» ብለው ሰየሙት!

ሽፋኑ ላይ የልጁን የካርቱን ስዕል አወጡ፤ አራት ማዕዘን ጭንቅላት፣ መነጽር፣ ሸሚዝና ክራቫት። ቀደም ሲል አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ልጁን ሊያሾፍበት እንዲያ አድርጎ ይስለው ነበርና እሱው ተሻሽሎ ተሳለ። ሽፋኑ ላይም አልበሙ ለሱ መታሰቢያ መሆኑን ሦስቱ በስማቸው ፈርመው ጻፉ። የቀዱት በሰኔ ወር ነው፣ ትምህርት ሳይከፈት። 15 ዘፈን፣ ሁሉም ተደምሮ 22 ደቂቃ ገደማ። እዚህ ከተማ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሁለቴ ሰምቼ ጨርሼዋለሁ።

ይዘቱን ከጠየቃችሁኝ የዕድሜያቸው ነገር ነው። ሌላ ስለመረጠች ልጅ፣ ስለ ወላጅ ንጭንጭ፣ ገንዘብ ስላላቸው ልጆች ንዴት። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ስድብ ዛሬ ሲሰማ ይሸክካል፤ ሰውን በማንነቱ የሚዘልፍ ቃል ሁሉ አለበት። እሱን አላደንቅም። ግን አንድ ዘፈን አለ፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ የጻፈው። ይህ ሰው ከሌሎቹ በብዙ ዓመት የሚበልጥ፣ ቀን ቀን ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ሌላው ፐንክ ሁሉ «ተራ ኑሮ ይውደም» እያለ ሲጮህ፣ እሱ እንደ ማንኛውም ሰው ጸጥ ያለ ሰፈር ውስጥ ቤት ቢኖረኝ ብሎ ጻፈ። ሰሚው ሽሙጥ ይመስለዋል። እኔ ግን በየዓመቱ ኪራይ የሚጨመርበት ሰው ነኝና ከልቡ ነው ብዬ አምኜዋለሁ።

አሁን «ከዚያስ ምን ሆነ?» ትለኛለህ። ተረት እንዳይመስልህ፣ ሁሉ ነገር አልሰመረም። ድራም መቺው ሌላ ስመ ጥር ባንድ ገባ። ጊታሪስቱ ሙዚቃውን ትቶ ኦሪገን ወደሚባለው ግዛት ሄዶ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። ዘፋኙ ግን ሄዶ አልቀረም። በ1985 ሁለተኛውን አልበም አብሮ ሠራ፤ ርዕሱ «ማደግ አልፈልግም» የሚል ነው። በ1987 ገደማ ደግሞ ለትምህርቱ ተመልሶ ሄደ፤ የቀሩት በሌላ ስም ሌላ ዘፋኝ ይዘው ቀጠሉ። እሱ በባዮሎጂ ዶክትሬቱን ጫነ፣ በ1996 ከባንዱ ጋር አልበም አወጣ፣ ኋላም የተክል ተመራማሪ ሆኖ ኩባንያ ተቀጠረ። እንዲህ እየሄደ እየመጣ እስከ 2016 ቆይቶ የምርምር ሥራውን ትቶ ጠቅልሎ ወደ ሙዚቃው ገባ። ያቺ የካርቱን ስዕል እስከ ዛሬ የባንዱ ምልክት ናት።

ስለዚህ «በምን ላግባባው» ለሚለው መልሴ አታግባባው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁሉም ነገር ስለሆነ አይደለም፤ እኔም 12ኛ ክፍል ጨርሼ ነው እዚህ ገጽ ላይ የምዘባርቀው። ግን ዛሬ በልመና ያስቀረኸው ልጅ የዛሬ አምስት ዓመት በአንድ ጠብ መሐል «በናንተ ምክንያት ነው» ይልሃል። ያን ቀን ምን ልትመልስለት ነው?

አሁን የራሴን ልናገር። እኔም ቡድን ነበረኝ። በወጣት ማዕከል አዳራሽ ውስጥ፣ አምስት ሆነን፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ክራር ይዘን ሰው የምናስቅ። ግጥሙን የምንጽፈው እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ ነን። ያኔ ውጤት ሲመጣ እሱ አለፈ፣ ጅማ ደረሰው። እኔ አላለፍኩም። እናንተ «ከዳን» ያላችሁትን እኛም ቃል በቃል ብለናል። ዛሬ ሳስበው የኔው ክህደት አልነበረም የተሰማኝ፣ ቅናት ነበር። መጨረሻውን አንድ ወር ሳላናግረው ቀረሁ። የሚሄድ ዕለት ጠዋት ሊሰናበተኝ ቤታችን መጣ። እናቴ ጠራችኝ፤ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ የተኛሁ መሰልኩ። በሩ ላይ «እንግዲህ ሲነቃ ንገሪልኝ እትዬ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዘፈኖቻችን አንዱንም አልቀዳንም። «ስቱዲዮ ስንገባ በደንብ ይሠራል» እያልን። በአንድ ልጅ ሞባይል ላይ ቁራጭ ነገር ነበረች፤ ሞባይሉ ተሰረቀ።

አምና ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ትዳር ይዟል፣ ወፍሯል። ከድንኳኑ ወጣ ብለን ትንሽ እንደተጫወትን ያቺን ሕዝቡን በሳቅ ትገድል የነበረች ዘፈናችንን እንበላት አልን። የመጀመሪያውን ቤት አልነው። ሁለተኛውን እሱም አላስታወሰ፣ እኔም አላስታወስኩ። ተያይተን ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለነዚያ ካሊፎርኒያዎች አንድ የተረፈኝን ልጨምር። ያ ዓሣ አጥማጅ የሆነው ጊታሪስት በ2008 አርፏል። ሆኖም በ2002 የጥንቶቹ ተጫዋቾች ተሰብስበው፣ ገና ጀማሪ ሳሉ የጻፏቸውንና ሳይቀዱ የቀሩትን ዘፈኖች በመሣሪያ ተጫውተው ቀድተው ነበር። ዘፋኙ ድምጹን የጨመረበት በ2020 ነው። አልበሙ በ2021 ወጣ፤ የሞተው ሰው ጊታር እንደ ወፍጮው እየፈጨ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ተነሣና ልጁ ቤት ሂድ። ሦስታችሁም ሂዱ። እንኳን ደስ አለህ በሉት። ከዚያ «ጥሪው ሳይወጣ ዘጠኙንም እንቅዳ» በሉት። ትልቅ ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ በየሰፈሩ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚቀዱ ልጆች ሞልተዋል። ዋጋውን በሰዓት ነው በዘፈን ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በሰዓት ከሆነ በልምምድ ላይ ጨርሳችሁ ግቡ፤ እዚያ ገብታችሁ አትጨቃጨቁ። አንድ ላይ ተጫወቱት፣ ስህተት ቢኖር ይኑር። የትኛውን ግጥም ማን እንደጻፈ፣ ዜማው የማን እንደሆነ በወረቀት አስፍራችሁ አራታችሁም ፈርሙ፤ ጓደኝነት በገንዘብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሌላ ቀን እጽፋለሁ። የተቀዳውን ሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ እናት ዘንድ ይሁን፣ እናት ፍላሽ አትጥልም።

ሌላ ዘፋኝ የመፈለጉን ነገር ልጁ አውቶቡስ ላይ ከወጣ በኋላ ተነጋገሩበት፤ ከተቻለም ለሱ ነግራችሁት።

ለሽፋኑ የልጁን ፊት የሚስል ሰው ካጣችሁ ደግሞ ጻፍልኝ። እኛ ሰፈር አንድ የታክሲ ጥቅስ የሚጽፍ ልጅ አለ፤ መነጽር ሲስል አይቼዋለሁ፣ ያውቅበታል። ልጁ መነጽር ያደርጋል አያደርግም ግን አልነገርከኝም።