ሞት ማዕረግ አይደለም

የሞተን ወዳጅ ማሰብ የሰው ወግ ነው። የሮክ ሙዚቃ ወዳጆችም የሞቱባቸውን ዘፋኞች ቢያስቡ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው፥ የሰውየውን ሥራ ትቶ ሞቱን ማክበር ነው።

በፈረንጅ አቈጣጠር ጂሚ ሄንድሪክስና ጃኒስ ጆፕሊን በ1970፥ ጂም ሞሪሰን በ1971፥ ከርት ኮቤይን በ1994 ዓ.ም. ሲሞቱ፥ ዕድሜያቸው ገና 27 ነበር። ዛሬ ብዙዎች ይህን ቍጥር እንደ ማኅበር ስም ይጠሩታል፤ በዚያ ዕድሜ መሞትንም የታላቅነት ምልክት ያስመስሉታል። ይህ ከንቱ ነገር ነው። ጆፕሊንን የገደላት ሄሮይን ነው፤ ሄሮይን ደግሞ ዘፈን የማያውቀውንም ይገድላል። ታዲያ በዚህ ምን ክብር አለ?

ሞትን ማምለክ ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ፥ በፓሪስ ፔር ላሼዝ ያለውን የሞሪሰንን መቃብር ተመልከት። አድናቂ ነን ባዮች በጎረቤት መቃብሮች ላይ ሳይቀር ስሙን ሞነጫጨሩ። በ1981 የቆመለት የራስ ቅርጽ በ1988 ተሰረቀ፤ የተገኘውም በ2025 ነው። አንዱን ሙት አከብራለሁ ብሎ ሌላውን ማዋረድ ፍቅር ነው ወይ?

ወጣት ሆይ፥ ሄንድሪክስን ከወደድህ፥ ስሙ ሳይታወቅ ከሌሎች ዘፋኞች ኋላ ቆሞ ጊታር እየመታ የደከመባቸውን ዓመታት አስብ። ታላቅ ያደረገው ድካሙ ነው፤ ሞት ግን ሥራውን አቋረጠበት እንጂ አንዳች አልጨመረለትም። ቸክ ቤሪ በ2017 ሲሞት 90 ዓመቱ ነበር፤ ረጅም ዕድሜ ከዝናው ምን ቀነሰበት?

የዘፋኝ እውነተኛ ተዝካሩ ዘፈኑ ነው። እርሱን ሰምቶ በራስ ሥራ መትጋት ማሰብ ይባላል፤ በሞቱ መቅናት ግን ሞኝነት ነው።