ትከሻህን ሳይነኩህ ኤምአርአይ ካዘዙልህ

ቅዳሜ ጅማ መርካቶ ውስጥ፣ ቡና ሲጭንና ሲያወርድ የማውቀው የዕድሜ እኩያዬ አስቆመኝ። ሃምሳን ተሻግረናል ሁለታችንም። በፌስታል የጠቀለለውን ፊልም አወጣልኝ። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ የደረሰውን ዕቁብ ጨርሶ ነው ኤምአርአይ የተነሳው።

«ዶክተር፣ የትከሻህ ልም አጥንት ተቀዷል አሉኝ። በቃ ጆንያ አልሸከምም ማለት ነው?»

«እጅህን እያንቀሳቀሰ ያየህ ሰው አለ?» ስለው፣ «ማንም። ወረቀት ጻፉልኝ፣ ሄድኩ» አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ተናድጃለሁ። ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው።

ክፍል ውስጥ ያልኳችሁን ታስታውሳላችሁ፦ ትከሻ ማለት ስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ነው። ብርቱካኑ እንዳይንከባለል ዙሪያውን ጠርዝ የሚሆነው ላብረም ነው፤ ሰው ልም አጥንት የሚለው። ራጅ እሱን አያሳይም፣ የሚያሳየው አጥንት ነው። አልትራሳውንድ ለጅማት ጥሩ ነው፣ ለላብረም ግን ብዙም አይረዳም። ተራ ኤምአርአይ የተወሰነውን ያሳያል። የተሻለው መጋጠሚያው ውስጥ ቀለም በመርፌ ተሰጥቶ የሚነሳው አርትሮግራም ነው፤ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እሺ፣ ታየ እንበል። ከዚያስ?

እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 60 የሆነ፣ ትከሻቸውን ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው ኤምአርአይ የተነሱት፤ 53 ትከሻ። ሁለት የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ፊልሙን ለየብቻ አነበቡት። አንደኛው በ55 በመቶው፣ ሌላኛው በ72 በመቶው ላይ የላይኛው ላብረም ተቀዷል አሉ። ልብ በሉ፣ ፊልሙ ያው ነው፣ ሰዎቹም ጤነኞች ናቸው! በዚህ ላይ ሲፈጠር ጀምሮ ላብረሙ ሥር ቀዳዳ ያለው ሰው አለ፤ ያላወቀ አንባቢ መቀደድ ነው ይለዋል።

እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ በትከሻው ሲያመላልስ የኖረ ሰው ፊልም ላይ ቢቀደድ ምን ይገርማል? የሽበት ያህል ነው።

ኤምአርአይ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ እንዳትጠመዝዙብኝ። የ20 ዓመት ልጅ ኳስ ሲጫወት ትከሻው ወልቆ፣ ወጌሻ መልሶለት፣ እንደገና እየወለቀ ካስቸገረው፣ እሱ ሌላ ነው። ባንካርት የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1923 የጻፈው ስለዚህ ዓይነቱ የፊት ጠርዝ መላቀቅ ነው። እዚያ ላይ አርትሮግራሙ ቀዶ ሕክምናውን ይወስናል፣ ሲቲ ስካን ደግሞ አጥንቱ ምን ያህል እንደተሸረፈ ያሳያል። ለዚህ ልጅ አዲስ አበባ መሄድ ብክነት አይደለም።

ጥፋቱ የሐኪም ብቻም አይደለም። እኛም ፎቶ ያላዘዘልንን ሐኪም «ምንም አያውቅም» ብለን እናማለን።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ቡና ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ክርኑን ከጎኑ አስጠግቼ ክንዱን ወደ ውጭ ላዞር ስሞክር ራሱም አላዞረው፣ እኔም አላዞርኩት። ድርቅ ብሏል። ላብረም ቢቀደድ ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ ይሄ የደረቀ ትከሻ የምንለው ነው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ አብዛኛው ሰው በመርፌና በፊዚዮቴራፒ እየተፍታታ ይሄዳል። የስኳር ሕመምተኞችን ደግሞ አብዝቶ ይይዛል። «ስኳርህን ተለክተህ ታውቃለህ?» አልኩት። አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሳይበላ ሄዶ ተለካ። ከፍ ብሎ ተገኘ። ማክሰኞ ደግሞ ተደግሞለት ያው ሆነ፤ አሁን መድኃኒት ጀምሯል። ፊልሙን ምን ላድርገው ብሎኛል።