የትምህርት ቤት ባንድ የሚጀመረው ከመምህሩ ነው

ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባንድና ኦርኬስትራ በተነሣ ቁጥር ከብዙዎቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «መሣሪያው ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትራምፔትም ሆነ ቫዮሊን በነፃ አይገኝም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሥሩ ለሚመለከት ሰው ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም «ማን ያስተምረዋል? በየትኛውስ ክፍለ ጊዜ?» የሚለው ነው። መሣሪያ ተገዝቶ መምህር ከጠፋ ሳጥኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። መምህር ካለ ግን በጥቂት መሣሪያም ቢሆን ሥራው ይጀመራል። እኛ ለማሳየት የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። ባንድ ስንል በትንፋሽና በምት መሣሪያዎች የሚቋቋመውን ቡድን ማለታችን ነው፤ ክላርኔት፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ቱባ፣ ከበሮና የመሳሰሉትን ይይዛል። ኦርኬስትራ ደግሞ እንደ ቫዮሊንና ሴሎ ያሉትን ባለክር መሣሪያዎች መሠረት አድርጎ የትንፋሹንና የምቱን ወገን ይጨምርበታል።

በዚህ ረገድ ረዥም ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እዚያ በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባንድና ኦርኬስትራ ከትምህርት በኋላ የሚደረጉ መዝናኛዎች ብቻ አይደሉም። ክፍለ ጊዜ ተመድቦላቸው፣ መምህር ተቀጥሮላቸው፣ እንደ ሒሳብና እንደ ታሪክ ማርክ የሚሰጥባቸው ትምህርቶች ናቸው። ይህም በአንድ ቀን የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1923 ቺካጎ ላይ አገር አቀፍ የትምህርት ቤቶች ባንድ ውድድር ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1926 ጆሴፍ ማዲ የተባለ የሙዚቃ መምህር ከልዩ ልዩ አካባቢ የተሰበሰቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በአንድ ኦርኬስትራ አቀናጅቶ ዲትሮይት ከተማ ላይ አሰማ። ከ2 ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1928፣ በሚቺጋን ግዛት ኢንተርሎከን በተባለ ስፍራ ለእንደዚህ ያሉ ተማሪዎች የበጋ ማሠልጠኛ አቋቋመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ዲትሮይት ላይ ኦርኬስትራውን ያዳመጡት ለጉባዔ የተሰበሰቡ የሙዚቃ ትምህርት ባለሙያዎች ነበሩ። ማዲ ልጆቹን መምህራን ፊት ማቅረቡ በከንቱ አይመስለንም፤ አንድ መምህር ያመነበት ነገር ወደ ብዙ ክፍል ይገባልና።

ታዲያ ሥራው የሚሠራው እንዴት ነው? ለእያንዳንዱ ልጅ የግል አስተማሪ መቅጠር የማይቻል ነው። ስለዚህ ጀማሪዎች ልዩ ልዩ መሣሪያ ይዘው በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድነት የሚማሩበት ዘዴ ተዘረጋ። አንዱ በክላርኔት፣ ሌላው በትሮምቦን ያንኑ አጭር ዜማ ያወጣሉ፤ መምህሩ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያርማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች መሣሪያውን የሚጨብጡት ገና 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል ሳሉ ነው። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ኖታ ያነባሉ፣ ምት ይቆጥራሉ፣ ትንፋሻቸውንም ያውቁታል። በአጭሩ የሁለተኛ ደረጃው ባንድ የተወለደው ሁለተኛ ደረጃ ላይ አይደለም፤ ከታች ነው የመጣው።

ነገሩ እኛን እጩ መምህራንን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንመደበው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። «የሁለተኛ ደረጃ ባንድ ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ ካለ መልሳችን «ከማንም በላይ ያገባናል» የሚል ነው። 4ኛ ክፍል ውስጥ ምት ሳትቆጥር ያለፈችን ልጅ 10ኛ ክፍል ላይ የሚቀበላት መምህር ሥራውን የሚጀምረው ከዜሮ ነው።

አንዳንድ ወገኖች ግን «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ለኛ ደግሞ ባዕድ ነው» ይላሉ። ይህን አስተያየት በሁለት በኩል እንመልከተው።

ባዕድ ነው ለሚሉት እምቢልታን እንጠቅሳለን። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንድ ነፊ ብቻውን ሊያወጣ የሚችለው ጥቂት ድምፅ ነው። ስለዚህ ነፊዎቹ ሦስትም ከዚያ በላይም ሆነው እየተቀባበሉ ዜማውን ይሞሉታል። አንዱ ካረፈደ ዜማው ይሰበራል። ታዲያ ኦርኬስትራ ማለት ከዚህ በምን ይለያል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባልስ ከዚህ የራቀ ነው?

ቅንጦት ነው ለሚሉት ደግሞ የአርባ ልጆችን ታሪክ እናስታውሳቸዋለን። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጎበኙበት ጊዜ በአርመኖች ገዳም ውስጥ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ ሲጫወቱ ሰምተው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው የነበሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። በአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ትልቅ ስፍራ የያዘው ይህ ባንድ እንግዲህ ከሀብታም ቤት አልወጣም። አባትና እናት ያጡ ልጆችን ሰብስቦ ካስተማረ ማሳደጊያ ነው የወጣው። እነዚያ ልጆች ሀብት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የሚያስተምራቸው ሰውና የማያቋርጥ ልምምድ ነው።

ይህን ስንል የሌላው አገር ሁሉ እንዳለ ይቀዳ ማለታችን አይደለም። የአሜሪካውም አሠራር ጉድለት አለበት። ውድድሩ ከበዛ ትምህርቱ ይረሳና ዋንጫው ይቀራል፤ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ሁለት ሦስት ቁራጭ ሲደጋግም የከረመ ተማሪ ሙዚቃ ተማረ አይባልም። ገንዘብ ሲጠፋም ቶሎ የሚቆረጠው ይኸው ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በካሊፎርኒያ የንብረት ግብርን የሚገድብ ሕግ በሕዝብ ድምፅ ሲጸድቅ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ትምህርት ተቀነሰ ወይም ተሰረዘ። የጎደለውን ወላጆች በመዋጮ የሚሞሉበት አካባቢ ባንዱ ቆመ፤ ወላጆች የማይችሉበት አካባቢ ግን ልጆቹ ቀሩ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። በመዋጮና በበጎ ፈቃድ ብቻ የቆመ ትምህርት መጀመሪያ የሚከዳው ድኻውን ልጅ ነው።

በኛም ዘንድ የሚታይ ችግር አለ። ባንድ ማለት እንግዳ ሲመጣ በር ላይ የሚሰለፍ ጌጥ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በዓል ሲደርስ ተማሪው ከክፍል ይጠራል፣ አንድ ማርሽ ያጠናል፣ እንግዳው ሲሄድ መሣሪያው ተመልሶ ይቆለፍበታል። ደግሞም የሚመረጡት ቀድሞውኑ የሚችሉት ናቸው። «አንተ ጆሮ የለህም» ተብሎ ከበር የተመለሰ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ጆሮ የሌለው ይመስለዋል። እስቲ እንጠይቅ፤ ማባዛት የማይችልን ልጅ «አንተ ሒሳብ አትማርም» ብሎ የሚያሰናብት መምህር አለ? የማይችለውን ማስተማር አይደለም እንዴ ሥራችን?

ባንድ በትክክል ሲያዝ የሚሰጠውን ትምህርት ሌላ ክፍለ ጊዜ በቀላሉ አይሰጥም። ሦስተኛ ክላርኔት የያዘች ልጅ ዋናውን ዜማ አትጫወትም፤ ነገር ግን ስምንት ምት ቆጥራ፣ ሌላውን አዳምጣ፣ በሰዓቷ ካልገባች ሁሉም ይሰማዋል። ከጓደኛዋ መቅዳት አትችልም። ጓደኛዋንም ጥላ ወደፊት መሮጥ አትችልም። ትዕግሥትና ኃላፊነት በቃል ሲሰበክ ብዙ ሰምተናል፤ እዚህ ግን በሥራ ይለመዳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስተያየታችን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ እጩ መምህር ከማሠልጠኛው ሲወጣ ቀላል ኖታ ማንበብና ቢያንስ አንድ መሣሪያ፣ ዋሽንትም ይሁን ክራር፣ ልጆችን እስከሚያስጀምር ድረስ መጫወት ይቻል። ለዚህም አሠልጣኞቻችን እንዲያግዙን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ በሄድንበት ትምህርት ቤት የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ አናድርገው። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እሱ ነው፤ የምንሰጠውም እኛው ነን።

ሦስተኛ፣ የተገኘው መሣሪያ ጥቂት ከሆነ ልጆቹ በተራ ይያዙት፤ ተራው ያልደረሰው በጭብጨባ ምት ይያዝ፣ በድምፁም ዜማውን ያንብብ። ቁልፉ ከመምህሩ እጅ አይራቅ።

አራተኛ፣ ልጆቹ ለእንግዳ ከመጫወታቸው በፊት ለክፍል ጓደኞቻቸውና ለወላጆቻቸው ይጫወቱ። መጀመሪያ ሊሰማቸው የሚገባው የነሱ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በነጋታው ኦርኬስትራ ይቆማል አንልም። አንድ ልጅ ከጀማሪነት ተነሥቶ ባንድ ውስጥ ቦታውን እስኪይዝ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያስጀመረው መምህር ያን ጊዜ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ይሆናል። ይሁን። የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ የሚቀበለው ምት የሚቆጥር፣ ሌላውን የሚያዳምጥ ልጅ ከሆነ ሥራችን አልባከነም። መሣሪያው ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ የሚይዘው እጅ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።