ወደቡን ስንጠይቅ ሕጉንም እንጠይቅ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡኝ።

ሰሞኑን ክፍል ውስጥ ስለ ባሕር በር ስናወራ አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ባሕር የሌላት ሀገር የባሕር ሕግ አላት እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም።

አላት። በ1952 ዓ.ም. በጃንሆይ ዘመን የወጣ የባሕር ሕግ አለን። በ1985 ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ምጽዋና አሰብ ሄዱ፣ ሕጉ ግን እኛ ጋ ቀረ። በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር አሰብን መጠቀምም ቆመ። በ1999 ደግሞ ሁለት አዋጆች ወጡ፦ 548 ስለ መልቲሞዳል ትራንስፖርት፣ 549 ስለ ማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር። ስለዚህ ሕግ አልጠፋም። የጠፋው ሕጉን አንብቦ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ከ2016 ጥቅምት ወዲህ የቀይ ባሕር ወሬ እንደ አዲስ ተነሥቷል። ታኅሣሥ ላይ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ በዓመቱ ደግሞ ከሶማሊያ ጋር የአንካራው ስምምነት መጣ። ከዊንጌት ተነሥተን ፒያሳ እስክንደርስ ታክሲው ውስጥ ሁሉም አድሚራል ነው። ግን እኔ የምለው፣ ወደቡ ቢገኝ ማን ነው የሚያስተዳድረው? ታሪፉን ማን ያወጣል? የተበደለ ሰው ለማን አቤት ይላል? ይህን የሚጠይቅ አንድም አድሚራል አላጋጠመኝም።

ለምን ትጨነቃለህ ካላችሁ ልንገራችሁ። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እዚሁ እኛ ሰፈር ልብስ እየሰፋች ትሸጣለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ብር አዋጥተው የስፌት መኪናዎች ከውጭ አስመጡ። ዕቃው ሀገር ውስጥ ገብቶ ደረቅ ወደብ ተቀመጠ። አንዱ ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር ከሌላው ጋር አልገጥም አለ፤ አስተካክሎ ለማምጣት ሳምንታት ፈጀ። ስሕተቱ የማን ነው? ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ቀሰረ። እነማን እንደሆኑ አልጠቅስም፣ ዓላማዬ ስም ማጥፋት አይደለም። ቀኑ ግን ይቆጥራል፤ የመጋዘኑ አለ፣ የቆይታው አለ። በመጨረሻ የክፍያ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ይሄ ብር በየትኛው ሕግ ነው የተሰላው?» አለችኝ። «መብታችሁን ጠይቁ» እያልኩ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መልስ አልነበረኝም። ከፈሉ። ለክፍያውም አንዱን መኪና ከካርቶኑ ሳይወጣ ሸጡት።

ደረቅ ወደብ ወደብ አይደለም የሚለኝ ሰው ሞጆ ሄዶ ይይ። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሀገሪቱ ኮንቴይነር የሚጎርፈው እዚያ ነው። ገላን፣ ሰመራ፣ ኮምቦልቻ፣ ድሬዳዋ፣ ወረታም ደረቅ ወደብ አላቸው። በ2004 መርከቡ፣ የትራንዚት አገልግሎቱና ደረቅ ወደቡ ተዋህደው አንድ የመንግሥት ድርጅት ሆኑ። ውህደቱ ምክንያት ነበረው፤ ዕቃው በአንድ ሰነድ ከውጭ እስከ ሀገር ውስጥ እንዲደርስ። ግን ጫኙም፣ አራጋፊውም፣ አስቀማጩም አንድ ቤት ሲሆን፣ የአስመጪው ድምፅ ከየት ይሰማል?

ጎረቤታችንን ተመልከቱ። የጅቡቲ መንግሥት በ2010 የካቲት የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል ከዱባዩ ዲፒ ወርልድ እጅ ወሰደው። ሁለቱ በውልና በፍርድ ሲከራከሩ ዓመታት አለፉ። በዚያ በር አብዛኛውን ዕቃችንን የምናስገባው እኛ ግን በክርክሩ ውስጥ ተመልካች ነበርን። ወደብ ማለት ክሬንና ውሃ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ወረቀት ነው፤ ማን ይፈርማል፣ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው።

ሂውስተን ያላችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ ይህን ታውቁት ይሆናል። ከተማችሁ ከባሕረ ሰላጤው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በፈረንጆቹ 1911 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ በቴክሳስ ሕግ መሠረት የመርከብ መተላለፊያ የሚያስተዳድር አካባቢያዊ ተቋም አቋቋመ፤ ለቁፋሮው ዕዳ ለመግባትም ተስማማ። ቦዩ በ1914 ተከፈተ። ዛሬ ወደቡን የሚመሩት ሰባት ኮሚሽነሮች ናቸው፤ የሚሾሟቸውም የሂውስተን ከተማ፣ ካውንቲውና አጠገቡ ያሉት ትናንሽ ከተሞች ናቸው። ስብሰባቸው በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው። ገነት ነው አላልኩም፤ የቦዩ ዳር ነዋሪ ስለ ጭሱ ሲያማርር ኖሯል። ግን የሚያማርርበት ቀንና አዳራሽ አለው። የኔ ልጅ አልነበራትም።

«አንተ የዲፕሎማ መምህር፣ ምን አገባህ?» የምትሉኝ አላችሁ። ወረቀቱን ያመጣችልኝ ተማሪዬ ስለሆነች ያገባኛል። «የባሕር በር ጥያቄን እያጣጣልክ ነው» የምትሉም አትጠፉም። በፍጹም! ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 125 ራሱ ወደብ አልባ ሀገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ዝርዝሩን ግን ከጎረቤት ጋር በስምምነት ጨርሱት ይላል። እንግዲህ ያው ነው፣ ዞሮ ዞሮ ወረቀት። በደረቁ ወደብ ላይ ሒሳብ መጠየቅ ያልለመደ ሕዝብ፣ እርጥቡን ቢያገኝ የሚጨምረው ሰልፉን ብቻ ነው።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የወደብ ክፍያ፣ አሰላሉ ጭምር፣ በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎችም ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ትንሹ አስመጪና የወደቡ ከተማ ነዋሪ ቦርዱ ላይ ወንበር እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድድ። ሦስተኛ፣ በሌላ ሰው ስሕተት ለቆመ ዕቃ አቤቱታ የሚሰማና በተቆረጠ ቀን የሚወስን አካል ይኑር፤ እስኪወስን ድረስ ቆጣሪው ይቁም።

ይህን ለመጠየቅ መርከብም ባሕርም አያስፈልግም። በዘርፉ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ከተሳሳትኩ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፤ ታሪፉን የምታውቁ ለጥፉልን። ለዚያ ልጅም ሰኞ እንዲህ ብዬ እመልስለታለሁ፦ ሕግስ አላት፣ የኔ ልጅ። አንብበህ መጠየቁ ያንተ የቤት ሥራ ነው።

ቸር እንሰንብት።